ሁለት ሰርቨር መግዛት ብቻውን ክላስተር አይሆንም፦ ለደብረ ብርሃንና ለአካባቢው ድርጅቶች የአመራረጥ መመሪያ

ስለ ሰርቨር ክላስተር፣ ማለት አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዲተካው አብረው ስለሚሠሩ ሰርቨሮች፣ ሲነሳ ወሬው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከሶፍትዌር ስም ነው። ማሽኖቹን ለማስተዳደር ኩበርኔቲስ ይሻላል ወይስ ፕሮክስሞክስ? ለዳታቤዝ ጋሌራ ወይስ ፖስትግሬስ? ከዚያ የጀመረ ድርጅት ገንዘቡን ያወጣል፣ ድረ ገጹ ግን መውደቁን አይተውም። ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። ባለጉዳይ መስኮት ላይ ቆሞ «ሲስተም የለም» ሲባል የጠፋው ምንድን ነው? መብራቱ? የኢንተርኔት መስመሩ? ዳታቤዙ? ወይስ ማሽኑ ራሱ ተበላሽቶ? ክላስተር የሚያድናችሁ ከኋለኞቹ ሁለቱ ነው። ሦስት ሰርቨር አንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ብሬከር፣ በአንድ ፋይበር ጫፍ ላይ ከተደረደሩ መብራት ሲሄድ ሦስቱም እኩል ይሄዳሉ።

ስለዚህ ዕቃ ከማየታችሁ በፊት ያለፉትን ስድስት ወራት መቋረጦች በሠንጠረዥ አስፍሩ፤ የጀመረበት ሰዓት፣ ያበቃበት ሰዓት፣ ምክንያቱ። መዝገብ ካልነበራችሁ ዛሬ ጀምሩ። ከቢሮው ውጭ ባለ ትንሽ ማሽን ላይ፣ ድረ ገጹን በየደቂቃው እየጠየቀ የሚመዘግብ እንደ አፕታይም ኩማ ያለ ነጻ መከታተያ መጫን ከባድ ሥራ አይደለም።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። 99 በመቶ ይሠራል ማለት በዓመት 3 ቀን ከ15 ሰዓት ገደማ ይጠፋል ማለት ነው። 99.9 በመቶ የሚሠራው 8 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ይጠፋል፤ 99.99 በመቶ የሚሠራው ደግሞ 53 ደቂቃ ያህል። እያንዳንዳቸው 99 በመቶ የሚሠሩ ሁለት ማሽኖች አንዱ ሌላውን የሚተካ ከሆነ፣ አብረው የሚወድቁበት ዕድል 1 በመቶ ሲባዛ በ1 በመቶ ስለሆነ 99.99 በመቶ ላይ ይደረሳል። ይህ የሚሆነው ግን የአንዱ መውደቂያ ምክንያት ከሌላው ጋር ካልተያያዘ ብቻ ነው። በተቃራኒው፣ አንዱ በሌላው ላይ የተንጠለጠለ እንደሆነ ቁጥሩ ይወርዳል፤ 99.99 በመቶ የሚሠራ ክላስተር 99 በመቶ በሚሠራ መስመር በኩል ከወጣ ተጠቃሚው የሚያገኘው 98.99 በመቶ ነው። ለክላስተሩ የወጣው ወጪ መስመሩ ላይ ቀረ ማለት ነው።

የት ይቀመጥ?

ከሁሉ የሚከብደው ውሳኔ ይህ ነው፤ የሚወስነውም ተጠቃሚው ያለበት ቦታ ነው። ተጠቃሚዎቹ ግቢው ውስጥ ከሆኑ፣ ለምሳሌ የሆስፒታል ካርድ ክፍል፣ የኮሌጅ ሬጅስትራር፣ የፋብሪካ ንብረት ክፍል ከሆነ፣ ሰርቨሩ ግቢው ውስጥ ይሁን። የውጭው መስመር ቢቋረጥም ሥራው መቀጠል አለበት። ተጠቃሚዎቹ ከየትም ቦታ በስልካቸው የሚገቡ ከሆነ ግን፣ የሆቴል ክፍል ማስያዣም ይሁን የፈተና ውጤት ማያ፣ ደብረ ብርሃን ቢሮ ውስጥ ሰርቨር ማስቀመጥ አንመክርም። አዲስ አበባ ባለ ዳታ ሴንተር ቦታ ወይም ማሽን ተከራዩ፤ ስንት የመብራት ምንጭና ስንት የኢንተርኔት መግቢያ እንዳላቸው በቃል ሳይሆን በውሉ ላይ አስጽፉ። ውጭ አገር ያለ ክላውድ ለማሳደግ ምቹ ነው፤ ክፍያው ግን በውጭ ምንዛሪ ነው። የሰዎች የግል መረጃ የምትይዙ ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ከሕግ ባለሙያ ጋር አንብቡ።

ርቀቱንም አስሉት። ብርሃን ፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነች ደርሶ መልሱ በስሌት 1.3 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ መሣሪያዎቹና የመስመሩ ጥምዝምዝ ሲጨመሩ ከዚያ ይበልጣል እንጂ ለዳታቤዝ ግልባጭ የሚያስቸግር አይሆንም። ጀርመን ካለ ሰርቨር ጋር ግን ርቀቱ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ በመሆኑ ደርሶ መልሱ ምንም ቢደረግ ከ50 ሚሊ ሰከንድ አያንስም። ዳታቤዝ ስንመርጥ ይህ ቁጥር ያስፈልገናል።

ግቢ ውስጥ ለሚያስቀምጥ ድርጅት የሰሜን ሸዋ ከፍታ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ማራገቢያው የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። በዚህ ምክንያት 35 ዲግሪ ድረስ ይችላሉ የሚባሉት የተለመዱ ሰርቨሮች ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀነስባቸዋል። ለደብረ ብርሃን ሲሰላ ጣሪያው ወደ 29 ዲግሪ ይወርዳል። ውጭው ብርድ ነው ብሎ መስኮት የሌለው ዕቃ ቤት ውስጥ መዝጋት አያዋጣም፤ ሦስት ማሽን የታሸገ ክፍልን ከዚያ በላይ ለማሞቅ ብዙ ሰዓት አይፈጅበትም። ከማሽኖቹ ፊት ለፊት፣ አየር በሚስቡበት በኩል፣ ቴርሞሜትር ስቀሉ። ወደ መንዝ ለሚወጣ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ብዙ ሰርቨርና ሃርድ ዲስክ የሚሠራበት የመጨረሻ ከፍታ 3,048 ሜትር ተብሎ ይጻፍበታል፤ መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። የተራ ሃርድ ዲስክ ማንበቢያ ከሳህኑ በላይ የሚንሳፈፈው በአየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ወደ ሳህኑ ይጠጋል። እዚያ የሚሽከረከር ሳህን የሌለውን ኤስኤስዲ ብቻ ተጠቀሙ። ሸዋ ሮቢት ላለ ሰው ከፍታው ችግር አይደለም፤ ሙቀትና አቧራ ነው፤ የማራገቢያ ማጣሪያ በየወሩ ይጽዳ።

ከብርድ የገባ ማሽን ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ወዲያው ካርቶኑ ከተከፈተ ላቡ ቦርዱ ላይ ይቀመጣል። ካርቶኑን ሳትከፍቱ ሌሊቱን ክፍሉ ውስጥ አሳድሩት።

መብራትና መስመር

የባትሪ ስሌት እንሥራ። ሦስት ትንንሽ ሰርቨር እያንዳንዳቸው 150 ዋት ቢወስዱ 450፣ ስዊችና ራውተር 50፣ በድምሩ 500 ዋት። አንድ ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች አይውረድ፤ ስለዚህ 600 ይቀራል። ኢንቨርተሩ 15 በመቶ ያህል ይበላል፤ የቀረው 510 ነው። አንድ ባትሪ አንድ ሰዓት ያህል ያቆያል ማለት ነው፤ ለአራት ሰዓት አራት ባትሪ ይፈልጋል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ የቆየ የእርሳስ ባትሪ አቅሙ በአምስት አንድ ያህል ይቀንሳል፤ ባትሪውን በረንዳ ላይ አታስቀምጡት።

ጄኔሬተር ስትገዙም ከፍታውን አስቡ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ገደማ ያጣል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ከሩብ በላይ ሄደ ማለት ነው። 10 ኪሎ ቮልት አምፒር የተጻፈበት ከ7 ብዙም አይበልጥም።

ሁለት ፓወር ሰፕላይ ያለው ሰርቨር ምረጡ፤ አንዱን ገመድ ከአንዱ ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ)፣ ሌላውን ከሌላው ሰኩት። ሁለቱንም አንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት የተለመደ ስህተት ነው፤ ማከፋፈያው ሲቃጠል ሁለተኛው ፓወር ሰፕላይ ምንም አልጠቀመም። ዩፒኤሱ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሰርቨሮቹን በሥርዓት እንዲያዘጋቸው በዩኤስቢ ወይም በኔትዎርክ አገናኙት። መጀመሪያ የዌብ ማሽኖች፣ በመጨረሻ ዳታቤዙ ይዘጉ። ሲነሱ ተቃራኒው ነው፤ ስዊች፣ ዳታቤዝ፣ ከዚያ ዌብ።

ሁለተኛ የኢንተርኔት መስመር ስታስገቡ ገመዱ በየት በኩል እንደሚመጣ በእግር ተከተሉት። ሁለት ውል ኖሯችሁ ሁለቱም ፋይበር በአንድ ምሰሶ ወይም በአንድ ቦይ ከመጣ፣ መንገድ የሚቆፍር ዶዘር ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይበጥሳቸዋል። መጠባበቂያው በሞባይል ኔትዎርክ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ፣ አብዛኛውን ጊዜ የራሱ የሆነ የማይለዋወጥ የአይፒ አድራሻ ስለሌለው ከውጭ የሚመጣ ጎብኚ ሊገባበት አይችልም። መፍትሔው ዳታ ሴንተር ውስጥ አንድ ትንሽ ማሽን ተከራይቶ፣ ከቢሮው ወደ እሱ ዋየርጋርድ በሚባለው ሶፍትዌር የተመሰጠረ መተላለፊያ መዘርጋት ነው፤ ጎብኚው ወደ ማሽኑ ይመጣል፣ ማሽኑ በየትኛውም ክፍት መስመር ወደ እናንተ ያስገባዋል።

ስንት ማሽን?

አራት ሰዓት ቢጠፋ ማንም የማይጎዳበት ድረ ገጽ ክላስተር አያስፈልገውም። የወረዳ ጽሕፈት ቤት ማስታወቂያ ገጽ፣ የሆቴል ፎቶና ስልክ ቁጥር ያለበት ገጽ እዚህ ይመደባሉ። ለእነሱ ሁለት ኤስኤስዲ በሬይድ 1 (ሁለቱም አንድ ዓይነት ዳታ ይዘው) የተያያዘበት አንድ ጥሩ ሰርቨር፣ ከግቢው ውጭ የሚቀመጥ የዕለት ባክአፕና ተሞክሮ የተረጋገጠ የመመለስ ሥርዓት ይበቃል። ይህን ደረጃ በደንብ ያልሠራ ድርጅት ወደሚቀጥለው ሲዘል የሚያተርፈው ውስብስብነት ነው።

መቋረጥ የማይፈቀድበት ሥራ ከሆነ ቁጥሩ ሁለት ሳይሆን ሦስት ነው። ምክንያቱ ምልዓተ ጉባኤ ነው፤ እድር ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ሳይገኝ ውሳኔ እንደማያሳልፈው፣ ክላስተርም ከግማሽ በላይ ድምፅ ካልተሰበሰበ «ዋናው እኔ ነኝ» ማለት የለበትም። ከሁለት ማሽን ከግማሽ በላይ ማለት ሁለቱም ማለት ስለሆነ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይቆማል። ከሦስት አንድ ቢወድቅ ይቀጥላል። ከአራትም የሚችለው አንድ ብቻ ነው፤ አራተኛው ወጪ እንጂ ጥንካሬ አልጨመረም። አምስት ሁለት ይችላል።

ይህን ሕግ አጥፍቶ በሁለት ማሽን መሥራት የሚቻልበት ቅንብር አለ፤ አታድርጉት። በሁለቱ መካከል ያለው ገመድ ብቻ ቢበጠስ ሁለቱም ሌላው ሞቷል ብለው ሁለቱም መጻፍ ይጀምራሉ። ከሰዓት በኋላ አንዱ ዳታቤዝ ላይ የተማሪው ክፍያ አለ፣ ሌላው ላይ ምዝገባው አለ፣ ተከታታይ ቁጥሮቹ ተደራርበዋል። ይህን የሚያስታርቅ ፕሮግራም የለም፤ ሰው ቁጭ ብሎ ደረሰኝ በደረሰኝ ያስታርቀዋል።

ለሦስተኛ ሙሉ ሰርቨር ገንዘብ ከሌለ ሦስተኛ ድምፅ ብቻ መግዛት ይቻላል። ለጋሌራ (ለማይኤስኪውኤልና ለማሪያዲቢ ዳታቤዝ ክላስተር) ጋርብዲ የሚባል ዳታ የማይዝ ድምፅ ሰጪ አለ፤ ለፕሮክስሞክስና ማሽኖቹ እርስ በርስ ለሚተያዩበት ለኮሮሲንክ ኪውዲቫይስ፤ ፖስትግሬስን ለሚያተካካው ለፓትሮኒ ደግሞ መሪው ማን እንደሆነ የሚመዘግበው የኢቲሲዲ ሦስተኛ አባል። አንድ ጊጋባይት ራም ያለው ማሽን ለመነሻ ይበቃል። የሚቀመጥበት ቦታ ግን ወሳኝ ነው፤ ከሁለቱ ሰርቨሮች በአንዱ ላይ ቨርቹዋል ማሽን አድርጋችሁ አትጫኑት፤ ያ ሰርቨር ሲወድቅ ሁለት ድምፅ ይዞ ይወድቃል። ሁለቱ ሰርቨር ደብረ ብርሃን፣ ድምፁ አዲስ አበባ ቢሆን ጥሩ አቀማመጥ ነው። የአዲስ አበባው መስመር ቢቋረጥ ሁለቱ እርስ በርስ ስለሚተያዩ ሥራው ይቀጥላል።

አገልግሎቶችን ከማሽን ወደ ማሽን የሚያዛውረውን ፔስሜከርን የምትመርጡ ከሆነ የማይመልሰውን ማሽን መብራቱን ቆርጦ የሚያጠፋ መሣሪያ፣ ስቶኒት የሚባለውን፣ መትከል ግዴታ ነው። በሰርቨሩ ውስጥ ያለው የርቀት ማዘዣ፣ አይፒኤምአይ፣ ለዚህ ያገለግላል፤ የሰርቨሩ ገመድ ሲነቀል ግን አይፒኤምአዩም አብሮ ስለሚጠፋ ክላስተሩ መልስ እየጠበቀ ይቆማል። በኔትዎርክ የሚታዘዝ የመብራት ማከፋፈያ ሁለተኛ አማራጭ ሆኖ ይጨመር።

ከፊት የሚቆመው ሎድ ባላንሰር

ሎድ ባላንሰር የጎብኚዎችን ጥያቄ ለዌብ ሰርቨሮቹ የሚያከፋፍል ነው። ኤችኤፕሮክሲም ሆነ ኤንጂንኤክስ ለዚህ ይሆናሉ፤ እኛ ኤችኤፕሮክሲን እናስቀድማለን። ነጻው ኤንጂንኤክስ ሰርቨር መሞቱን የሚያውቀው የጎብኚ ጥያቄ ሲበላሽበት ሲሆን፣ ኤችኤፕሮክሲ ግን ራሱ እየጠየቀ ይከታተላል። ክትትሉን ስታበሩ በየ2 ሰከንዱ ይጠይቃል፣ ሦስት ጊዜ ካልተመለሰለት ያወጣዋል፣ ሁለት ጊዜ ከተመለሰለት ያስገባዋል።

የሚጠየቀው ገጽ ምን እንደሚመረምር በጥንቃቄ ወስኑ። ገጹ ዳታቤዙንም የሚነካ ከሆነ፣ ዳታቤዙ ለስድስት ሰከንድ ሲንቀራፈፍ ሎድ ባላንሰሩ ጤነኛ የሆኑትን የዌብ ሰርቨሮች በሙሉ ያስወጣቸዋል፤ ትንሽ መዘግየት ሙሉ መዘጋት ይሆናል። ገጹ የማሽኑን የራሱን ጤና ብቻ ይመርምር፤ የዳታቤዝ ክትትል ለብቻው ይሁን።

ሎድ ባላንሰሩ አንድ ከሆነ እሱ ራሱ መውደቂያ ነጥብ ነው። ሁለት አድርጓቸው፣ ኪፕአላይቭዲ የሚባለው ፕሮግራም አንዱን የጋራ አይፒ ከአንዱ ወደ ሌላው ያዛውር። ዋናው በየሰከንዱ «አለሁ» የሚል ምልክት ይልካል፤ ሦስት ያህል ሲቀር ሁለተኛው ይረከባል። እዚህ ላይ ሦስት ነገር ይበላሻል። አንደኛ፣ ኪፕአላይቭዲ የሚያየው ማሽኑን እንጂ ኤችኤፕሮክሲን አይደለም፤ ፕሮግራሙን የሚከታተል ስክሪፕት ካልታከለ፣ ኤችኤፕሮክሲ ሞቶ አይፒው እዚያው ይቀራል። ሁለተኛ፣ የቡድን መለያ ቁጥሩን ከኢንተርኔት ምሳሌ ስለሚቀዳ ሁሉም ሰው 51 ይጽፋል፤ በዚያው ኔትዎርክ ሌላ መሣሪያ 51 ካለው ይጋጫሉ። ሦስተኛ፣ በተከራያችሁት ክላውድ ውስጥ ምልክቱ የሚሄድበት የ224.0.0.18 መልቲካስት (ለብዙ ማሽን በአንድ ጊዜ የሚላክ መልእክት) ብዙውን ጊዜ አያልፍም፤ አይፒውም በራሱ አይዛወርም። እዚያ የአከራዩን ሎድ ባላንሰር ተጠቀሙ።

የጎብኚው እውነተኛ አይፒ ወደ ኋላ ማለፉንም አረጋግጡ። ካላለፈ ሁሉም ጎብኚ በሎድ ባላንሰሩ አይፒ የመጣ ይመስላል። ያኔ አንድ ሰው የይለፍ ቃል ደጋግሞ ሲሳሳት አጥፊ አይፒዎችን የሚያግደው ፌይልቱባን ሎድ ባላንሰሩን ያግደዋል፤ ድረ ገጹ ለሁሉም ይዘጋል። ምክንያቱ እስኪገኝ ብዙ ሰዓት የሚፈጅ ብልሽት ነው።

በማሽኑ ላይ የሚቀር ነገር

የዌብ ሰርቨሮች ቢጠፉም የማያስቆጩ መሆን አለባቸው። ጎብኚ የጫነው ፎቶ በተቀበለው ማሽን ዲስክ ላይ ብቻ ከቀረ፣ ገጹ ሲታደስ ፎቶው አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል። ፋይሎች ሁሉም ማሽኖች በሚደርሱበት የጋራ ማከማቻ ይቀመጡ። ፋይል በኔትዎርክ የሚያጋራ አንድ የኤንኤፍኤስ ሰርቨርም ይሠራል፤ እሱ ሲወድቅ ግን ሁሉም ይቆማል። ዳታን በብዙ ማሽኖች ዲስክ ላይ የሚያከፋፍለውን ሴፍን ሦስት ማሽንና ፈጣን የውስጥ ኔትዎርክ ለሌለው አንመክርም።

የገባ ተጠቃሚ በየጠቅታው ተመልሶ ይለፍ ቃል የሚጠየቅ ከሆነ ሴሽኑ (የመግባቱ መዝገብ) በአንዱ ማሽን ላይ ቀርቷል ማለት ነው፤ ሬዲስ ወደሚባለው ፈጣን የጋራ ማከማቻ ወይም ወደ ዳታቤዙ አዛውሩት። ደንበኛ አንድ የማስታወሻ ኤስኤምኤስ ሦስት ጊዜ ከደረሰው ደግሞ የሰዓት ሥራው፣ ክሮኑ፣ በሦስቱም ማሽን ላይ እየሠራ ነው። በአንዱ ላይ ብቻ ይሥራ፤ ወይም ከመጀመሩ በፊት ዳታቤዙ ላይ ቁልፍ ይያዝ።

ዳታቤዙ

ብዙው ክላስተር የሚፈተነው እዚህ ነው። ማይኤስኪውኤል ወይም ማሪያዲቢ ለሚጠቀም ጋሌራ ቀረብ ያለ ምርጫ ነው፤ ሦስቱም ማሽን ሙሉ ዳታ ይይዛሉ። እያንዳንዱ የተጻፈ ነገር ግን ከመጽደቁ በፊት ለሁሉም ይደርሳል፤ ስለዚህ አንዱ ማሽን ጀርመን ከሆነ እያንዳንዱ ምዝገባ ያንን ከ50 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይከፍላል። ዲስኩ ቀርፋፋ የሆነ አንድ ማሽንም ሌሎቹን ወደ ራሱ ፍጥነት ይጎትታል። የሠንጠረዦቹ ዓይነት ኢኖዲቢ ይሁን፣ ሁሉም ፕራይመሪ ኪ (እያንዳንዱን መስመር የሚለይ ቁልፍ) ይኑራቸው። በሦስቱም ላይ በአንድ ጊዜ መጻፍ ቢቻልም ግጭቱ እንደ ዴድሎክ (እርስ በርስ መቆላለፍ) ስህተት ይመጣል፤ ኤችኤፕሮክሲ ሁሉንም ጽሑፍ ወደ አንዱ ይላክ፣ ሁለቱ ተጠባባቂ ይሁኑ።

ክላስተሩ ከተመሠረተ በኋላ ፋየርዎሉ ሲበራ 3306ና 4567 የሚባሉት ፖርቶች (የኔትዎርክ በሮች) ተከፍተው 4444ና 4568 ይረሳሉ። ክላስተሩ በደህና ይሠራል፤ ከወራት በኋላ አንዱ ማሽን ተነስቶ ያመለጠውን ዳታ ሊወስድ ሲል ግን መግባት ያቅተዋል። አራቱም ከመጀመሪያው ይከፈቱ፤ ለክላስተሩ አባላት ብቻ።

መብራት ለሚቆራረጥበት ቦታ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ሦስቱም በአንድ ጊዜ ከጠፉ ጋሌራ ብዙውን ጊዜ በራሱ አይነሳም። በየማሽኑ ግራስቴት ዶት ዳት የሚባለውን ፋይል ክፈቱ። «ሴፍ ቱ ቡትስትራፕ» የሚለው መስመር 1 የሆነበት በሥርዓት የተዘጋው የመጨረሻው ማሽን ነው፤ ክላስተሩ ከእሱ ይጀመር። ሁሉም 0 ከሆኑና እዚያው ያለው የመጨረሻው ጽሑፍ ተራ ቁጥር ‎-1 ከሆነ በድንገት ጠፍተዋል፤ በየማሽኑ ሪከቨር ትእዛዙን ሰጥታችሁ ትልቁን ተራ ቁጥር የያዘውን ለዩ። ቸኩሎ ከኋላ ቀሩ ማሽን መጀመር የመጨረሻዎቹን ምዝገባዎች ማጥፋት ነው። ይህን ቅደም ተከተል በወረቀት አትማችሁ ሰርቨር ክፍሉ በር ላይ ለጥፉት።

ፖስትግሬስ ለሚጠቀም ፓትሮኒ ከኢቲሲዲ ጋር ይሁን። በነባሪው ቅንብር የዋናው ማሽን የመሪነት ፈቃድ 30 ሰከንድ ስለሚቆይ መተካካቱ ግማሽ ደቂቃ ያህል ሊወስድ ይችላል። ኢቲሲዲ ቀርፋፋ ዲስክን አይታገስም፤ ጽሑፉ ዲስክ ላይ እስኪያርፍ ከ10 ሚሊ ሰከንድ የሚያልፍ ከሆነ መሪው ያለ ምክንያት ይለዋወጣል፤ ኤስኤስዲ ስጡት። ሁሉም ማሽኖች ላይ አንድ ዓይነት ሊኑክስ፣ በአንድ እትም ይጫን። የፊደል ቅደም ተከተል የሚመጣው ከሊኑክሱ ቤተ መጻሕፍት ስለሆነ እትሙ ሲለያይ የጽሑፍ ኢንዴክሶች ይዛባሉ፤ ያለ ስም ፍለጋ ላይ አይገኝም።

አሁን በቅርብ የምናየው አንድ ስሌት አለ። አንድ የዌብ ሰርቨር 60 የፒኤችፒ ሂደት (የጎብኚ ጥያቄ የሚያስተናግድ ፕሮግራም) ይዞ ለዓመት በደህና ሠርቷል። አቅም ለመጨመር ተብሎ ሁለት ተመሳሳይ ማሽን ታከለበት። ሥራ በበዛበት ቀን ሦስቱ ሲሞሉ፣ እያንዳንዱ ሂደት አንድ ግንኙነት ስለሚከፍት፣ 3 ጊዜ 60፣ ማለት 180 ግንኙነት ወደ ዳታቤዙ ይሄዳል። የማይኤስኪውኤል ነባሪ ጣሪያ 151 ነው፤ የፖስትግሬስ 100። ማሽን በመጨመራችን ድረ ገጹ «ግንኙነት በዛ» እያለ ወደቀ። ጣሪያውን ከማሽኖቹ ጋር አብራችሁ አሳድጉ፤ ፖስትግሬስ ከሆነ ከፊቱ ጥቂት ግንኙነቶችን ለብዙዎች የሚያጋራውን ፒጂባውንሰርን አቁሙ።

አቅም

የፈተና ውጤት በሚወጣበት ቀን 3,000 ተማሪ በ10 ደቂቃ ውስጥ ቢገባና እያንዳንዱ 8 ጥያቄ ቢልክ፣ 24,000 ሲካፈል ለ600 ሰከንድ 40 ጥያቄ በሰከንድ ነው። ሁሉም እኩል ስለማይመጣ በ3 አባዙት፤ 120። አንዱ ጥያቄ ሩብ ሰከንድ ከፈጀ በአንድ ጊዜ ሥራ ላይ የሚሆኑት 30 ሂደቶች ናቸው። እያንዳንዱ 60 ሜጋባይት ቢይዝ 1.8 ጊጋባይት ራም ነው። አንድ መካከለኛ ማሽን ይችለዋል! ሦስት የሚያስፈልገን ለመተካካት እንጂ ለአቅም እንዳልሆነ ስሌቱ ያሳያል። ገጹ እንዲያውም ተዘጋጅቶ በካሽ (ጊዜያዊ ማስቀመጫ) ቢቀመጥ ሩብ ሰከንዱ ወደ ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ይወርዳል።

ሦስት ማሽን ካላችሁ በጭንቅ ሰዓት እያንዳንዱ ከ60 በመቶ አይለፍ፤ አንዱ ሲወድቅ ሁለቱ 90 ላይ ይቆማሉ። በሁለት ማሽን 60 ላይ ከሆናችሁ ግን የቀረው 120 በመቶ ሊሸከም ነው፤ ያም ይወድቃል። ለሁለት ማሽን ጣሪያው 45 ነው።

ኩበርኔቲስን በተመለከተ አቋማችን ግልጽ ነው። በደርዘን የሚቆጠር አገልግሎት ላለው፣ ሥራውን በየሳምንቱ ለሚያድስ፣ ቢያንስ ሁለት የሠለጠነ ሰው ላለው ድርጅት ይገባል። አንድ ድረ ገጽና አንድ ዳታቤዝ ላለው ሦስት የፕሮክስሞክስ ማሽን፣ ወይም ከላይ ያልነው ኤችኤፕሮክሲና ጋሌራ፣ ይበልጥ ይጠቅመዋል። ብቸኛው ባለሙያ ለሥራ ወደ አረርቲ በሄደበት ቀን ሌላው ሠራተኛ በስልክ እየተነገረው ሊያስነሳው የሚችለውን ምረጡ።

መፈተን

ፈተናው ሰው በሌለበት ቅዳሜ ማታ፣ አፓቼ ቤንች በሚባለው መሞከሪያ ጭነት እየተላከ ይደረግ። በየተራው ስንት ሰከንድ እንደጠፋና የተበላሸ ጥያቄ ስንት እንደሆነ ጻፉ።

1. የአንድ ዌብ ሰርቨር የመብራት ገመዶች ሁለቱንም ንቀሉ። ከ10 ሰከንድ በላይ ስህተት ከታየ የክትትል ቅንብሩ ይታይ።

2. የዋናውን ዳታቤዝ የኔትዎርክ ገመድ ንቀሉ። በትእዛዝ መዝጋት አይበቃም፤ በሥርዓት የሚዘጋ ማሽን ለሌሎቹ «ሄድኩ» ብሎ ስለሚሄድ ቀላሉ ፈተና ነው።

3. የኤችኤፕሮክሲን ሂደት ብቻ ግደሉ፤ አይፒው መዛወሩን እዩ።

4. የአንዱን ማሽን ዲስክ በትልቅ ፋይል ሙሉት። የሞላ ዲስክ ያለው ማሽን ለፒንግ ይመልሳል፣ መጻፍ ግን አይችልም፤ ብዙ ክላስተር የሚሸነፈው በዚህ ነው።

5. ዋናውን ብሬከር አውርዱ፤ ባትሪው ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ መብራት ሲመለስ ማን ቀድሞ እንደተነሳ መዝግቡ።

በየክረምቱ መግቢያ ድገሙት፤ ባትሪ ሳይነግር ይደክማል።

ባክአፕና ሰዓት

ሦስት ቦታ የተገለበጠ ዳታቤዝ ባክአፕ አይደለም። አንድ ሠራተኛ ሠንጠረዥ በስህተት ቢሰርዝ ስረዛው በሰከንድ ውስጥ ለሦስቱም ይደርሳል። በየሌሊቱ ሙሉ ቅጂ ተወስዶ ከከተማው ውጭ ይቀመጥ፤ በየሦስት ወሩ ባዶ ማሽን ላይ ተመልሶ ይታይ።

ሰርቨሮቹ ሁሉ ክሮኒ በሚባለው ፕሮግራም ሰዓታቸውን ያስተካክሉ፤ ሰዓታቸው የተለያየ ማሽኖች ሎግ ሲነበብ የትኛው ቀድሞ እንደወደቀ አይታወቅም። የሰዓት ቀጠናውን ዩቲሲ (ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ የሆነው ዓለም አቀፍ ሰዓት) ላይ ተዉት፤ ሥራ ስታቅዱ ግን ተጠንቀቁ። የእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በዩቲሲ የዋዜማው 23:00 ነው። «ሌሊት 8» ተብሎ በሰርቨሩ ላይ 8:00 የተጻፈ ባክአፕ የሚሠራው ከረፋዱ 5 ሰዓት፣ ባለጉዳይ ተሰልፎ ሳለ ነው። በትክክል 23:00 ቢጻፍም የፋይሉ ስም የዋዜማውን ቀን ይይዛል፤ ስለዚህ በስሙ ላይ ሰዓቱንና ዩቲሲ መሆኑን ጨምሩ፤ የሚፈልገው ሰው የተሳሳተ ቀን ቅጂ እንዳይመልስ።